ዘንድሮ እንቁጣጣሽን አክብሪልኝ

ሙምባይ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህም ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አይለይም።

በስልክ «በዓል ለማን ብዬ?» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። አባባ ካረፈ ወዲህ እንቁጣጣሽ ቤታችን እንደማይገባ እኅቴም ነግራኛለች። እስቲ ባለፈው ዓርብ ጎረቤቴ ቤት ያየሁትን የፓርሲዎች ዘመን መለወጫ ላጫውትሽ።

ፓርሲዎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሃይማኖታቸውን ይዘው ከፋርስ ወደ ሕንድ የተሰደዱ የዘራቱስትራ፣ የጥንቱ የፋርስ ነቢይ፣ ተከታዮች ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ በመላ አገሪቱ 57,264 ብቻ ነበሩ። ዘመን የሚቆጥሩት የፋርስ ንጉሥ የነበረው ያዝዴገርድ ሣልሳዊ ከነገሠበት ጀምሮ ነው፤ አሁን 1395 ገብተዋል። የሚገርምሽ፣ ወራቸው እንደ እኛው 30 ቀን ነው፤ መጨረሻ ላይም እንደ ጳጉሜን አምስት ቀን አላቸው። አንቺ «በሚካኤል፣ በገብርኤል» እንደምትዪው የእነሱም ቀን ሁሉ ስም አለው፤ የመጀመሪያው የፈጣሪ፣ 9ኛው የእሳት፣ 10ኛው የውኃ ነው። ግን እኛ በሉቃስ የምንጨምረው ስድስተኛ ቀን ስለሌላቸው በዓላቸው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። ከመቶ ዓመት በፊት እንቁጣጣሽን የሚቀድመው በጥቂት ቀን ብቻ ነበር። አሁን ግን ነሐሴ 9 ላይ፣ ፍልሰታ መካከል ደርሷል።

ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውም ውጭ አገር ያሉ አሮጊት ናቸው። ዓመቱ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው የሙታን ነፍስ ወገኖቿን ልትጠይቅ ትመጣለች ብለው ያምናሉ። ድሮ በየቤቱ ነበር የሚቀበሏቸው፤ አሁን አብዛኛው ሰው በእሳት ቤተ መቅደሳቸው ለሟቹ ማሰሮ ያቆምለትና ትኩስ አበባ ያደርግበታል። ውኃው በየቀኑ ይለወጣል። እኛ ሌሎች መግባት ስለማይፈቀድልን አበባውን ይዤላቸው እስከ በሩ እሸኛቸው ነበር። አሥሩ ቀን ሲያበቃ ነፍሶቹን በጸሎት ያሰናብቷቸዋል።

በማግስቱ በጠዋት ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። እንደ ወንፊት የተበሳሳ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ነጭ ዱቄት ሞልተው ወለሉን መታ ሲያደርጉት ዓሣ ተሥሎ ይቀራል፤ ከዚያ ሌላ ዓሣ፣ ከዚያ አበባ፣ እስከ ደረጃው ድረስ። በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል፤ ቤቱ በሰንደል እንጨት ታጥኗል። «ሳል ሙባረክ!»፣ መልካም አዲስ ዓመት ማለታቸው ነው፣ ብለው ጽጌረዳ ውኃ ረጩኝ። ለእንግዶቹ በኮኮናትና በድንብላል ቅጠል ተለውሶ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ነበር። ለእኔ፣ ጾመኛ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ ነጭ ሩዝና ቢጫ ክክ ያለ ቅቤ ለብቻ ሠርተውልኛል። ለእነሱም የደስታ ቀን ምግብ ነው። አንቺ የምትሠሪውን የክክ አልጫ እያሰብኩ በላሁ።

ሐዘኑ እንደማይከብዳቸው ጠየቅኋቸው። ሃይማኖታቸው ለሞተ ሰው ልቅሶ ማብዛትን ይከለክላል፤ እንባ ሲበዛ ነፍስ የማትሻገረው ወንዝ ይሆንባታል ይላሉ። «ባሌ መጥቶ ጠይቆኝ ሄደ፤ ቤቱን ጨልሞ እንዲያገኘው አልፈልግም» አሉኝ።

እማዬ፣ እምነታቸው የእኛ አይደለም። እኛም አባባን በተዝካሩም በሙት ዓመቱም እንደ ወጉ አስበነዋል። ግን እኚህ ሴት ብቻቸውን ሆነው ያን ሁሉ ሲያደርጉ ሳይ አንቺን ነው ያሰብኩት። እባክሽ ዘንድሮ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፤ ድፎውን እኅቴ ትድፋ። «አበባየሆሽ» የሚሉት ልጆች በር ተዘግቶባቸው አይመለሱ። አባባ ለእነሱ አዳዲስ የብር ኖት ከዋዜማው ጀምሮ ይመነዝር አልነበር? ለዚያ የሚሆን ትንሽ ብር በእኅቴ በኩል ልኬያለሁ፤ አንቺ በእጅሽ ስጫቸው።

በጳጉሜን ጠበል ስትሄጂ ብቻሽን አትውጪ፣ መንገዱ ያንሸራትታል። በበዓሉ ጠዋት እደውላለሁ። ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም ያሸጋግርሽ።

የሚወድሽ ልጅሽ