«ስንት ወሯ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም

ለአማራ ክልል የእንስሳት ጤናና የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥር ኃላፊዎች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጠውና ስለሚወጋው ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የተባለው የእብጠት ማስታገሻ መርፌ)

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ በዘንዘልማ በኩል፣ ሦስት የወተት ላሞች ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፍላችሁ አምና ክረምት ሊገባ ሲል ቦራ በምንላት ላማችን ላይ የደረሰው ነገር አላስተኛ ስላለኝ ነው።

ቦራ የኋላ እግሯ አበጠ። ማነከስ ጀመረች፤ መኖም ቀነሰች። መድኃኒት ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። አንድ ልጅ ጠርሙስ ይዞ ቤት ድረስ መጣና ወጋት። «ነገ ደህና ትሆናለች» አለኝ። እውነትም በማግስቱ ጠዋት ገለባዋን ጠራርጋ በላች፤ እግሯንም ደፍራ መርገጥ ጀመረች። ደስ ብሎኝ የልጁን ስልክ ለጎረቤት ሁሉ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ምጥ ያዛት። ገና ስምንት ወር ተኩሏ ነበር። ጥጃዋ በሕይወት ወጣች፤ ግን እግሮቿ አልያዟትም። ጡቱን አፏ ውስጥ ብናደርግላትም መሳብ አቃታት። በጆንያ ጠቅልለን እሳት ዳር አስቀመጥናት። እስከ ማታ አልቆየችም። የእንግዴ ልጁም አልወርድ ብሎ ቀናት ተንጠለጠለ፤ በረቱ ሸተተ። የቦራ ወተት ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም።

ጠርሙሷ በረት ጥግ ወድቃ ነበር። አንስቼ ለአንድ የእንስሳት ሐኪም አሳየሁ። ዴክሳሜታዞን ነው። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት እንዳይሰጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አለው፤ በእንግሊዝኛ፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ላም ጊዜዋ ሲደርስ ምጡን የሚያስጀምረው ጥጃው ራሱ ነው። ከኩላሊቱ በላይ ያለች ትንሽ እጢ ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች፤ የእናቱ ሰውነት ያንን ሲሰማ ማማጥ ይጀምራል። ዴክሳ የዚያ ኮርቲዞል ዘመድ ነው፤ ጉልበቱ ግን ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ቦራ ስትወጋ ሰውነቷ «ጥጃው ደርሷል» የሚል መልእክት ደረሰው። ጥጃው ግን አልደረሰም።

ይህ አንዱ ጉዳት ነው። ሁለተኛው ስለማይታይ ይብሳል። ሰውነት ጀርም ሲገባበት ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ይህ ሁሉ የነጭ የደም ሕዋሳት ውጊያ ነው። ዴክሳ ውጊያውን ያስቆማል። እብጠቱ ይጎድላል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ከብቱ ይበላል። ጀርሙ ግን አለ። ዘበኛው ስለተኛ ቤቱ ፀጥ አለ እንጂ ሌባው አልወጣም። የጣና ሐይቅ ሲሸሽ በሚበቅለው ሣር ላይ የሚግጡትን ከብቶች አስቡ። የጉበት ትል አስቀድሞ አድክሟቸዋል። በዚያ ላይ መከላከያቸውን ሲያጡ ምን ይተርፋቸዋል?

መድኃኒቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከወለደች በኋላ የደም ስኳሯ ወርዶ መብላት ላቆመች ላም ሐኪም ያዘዋል። የገዛ መከላከያው ደሙን ለሚያጠፋበት ውሻ፣ የዚሁ ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ሕይወት ያተርፋል። ኮሮና ጊዜ ሁላችንም ስለ ዴክሳሜታዞን ሰምተናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የወጣው ጥናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሕሙማን ሞትን በሲሶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልነበረውም። ለማን፣ መቼ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ይህን የሚወስነው የተማረ ሰው ነው፤ እኛ ሰፈር ግን የሚወስነው ጠርሙሱን የያዘው ነው።

አሁን የእናንተን ሥራ በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። ባለሙያዎቻችሁ የአባ ጎርባና የጉርብርብ በሽታዎችን ክትባት ይዘው በጭቃ በእግራቸው ሲመጡ አይቻለሁ። ክትባቱም ከቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ቅዝቃዜው ሳይጓደል እዚህ እስኪደርስ ስንት ልፋት አለበት። ግን ክትባት በራሱ አይከላከልም፤ መከላከልን ለሰውነት ያስተምራል። በዚያው ሰሞን ዴክሳ የተወጋ ከብት ትምህርቱን በሚገባ ላይቀበል ይችላል። የጉርብርቡ ክትባት ደግሞ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ፣ መከላከያው ለተኛ ከብት መስጠቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚያ ከብቱ ሲታመም ገበሬው «ክትባቱ አይሠራም» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ከብቶቹን ይደብቃል። ስለ ዴክሳው ማንም አያነሳም።

ወተቱም አለ። ከመርፌው በኋላ ስንት ቀን ወተት እንደማይሸጥ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እኔ አልተነገረኝም። ቦራ በዚያን ሰሞን ደርቃ ስለነበር ነው እንጂ የጎረቤት ልጆች ይጠጡት ነበር።

የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ ሕግ እንድታወጡ አልጠይቅም። ዴክሳና መሰሎቹ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመደርደሪያ እንዳይወርዱ በየመድኃኒት ቤቱ ዞራችሁ ተቆጣጠሩልን። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት በአማርኛ ትሰጠን፦ ላሟ ስንት ወሯ ነው? በቅርቡ ተከትባለች? ወተቷ ስንት ቀን ይቆይ? ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ያረገዘች ላም ሥዕል ላይ መስመር ቢሰረዝ ይበቃል። ወረቀቱን ለማዘጋጀት ዘንዘልማ ያለው የግብርና ካምፓስ ቅርባችሁ ነው።

መርፌውን የወጋው ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። ያወቀው ሲወጋ ከብት እንደሚነሳ ብቻ ነው። እሱንም ጭምር ጠርታችሁ አሠልጥኑልን።

ቦራ እንደገና አርግዛለች፤ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። እስክትወልድ አራት ወር ገደማ አለ። ያቺን ወረቀት ከዚያ በፊት ብናገኛት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወተት አምራች
ባሕር ዳር