ኮሷችን ባል አጥታለች

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አንዲት ያረጀች የዛፍ ግቢ አለችን። ብዙ ሰው አጥሯን እንጂ ውስጧን አያውቅም። የሰፈሩ ልጆች ግን አጋም የበላነው፣ ቀጋ ስንለቅም የተቧጠጥነው እዚያ ነው። ዛሬ ስለ እሷ ገንዘብ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

ግቢዋን የተከሉት ሰዎች ዛፍ ያውቁ ነበር። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን ባሕር ዛፍ ሲሞላት፣ እነሱ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ጥቁር እንጨቱን እየፈለጉ አመጡ። ኮርችም አለ። ብዙዎቻችን የአጥር እንጨት ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው። ጥጉ ላይ ደግሞ እንዶድ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር የተገኘው እንዲህ ነው። የእኛ እንዶድ አሁን ግማሹ ደርቋል።

ከሁሉም የከፋው ግን የኮሶዋ ነገር ነው።

ኮሶ ወንድና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ነው። አያቶቻችን ለትል የሚጠጡት ቀዩ አበባ የሴቷ ነው። ግቢያችን ውስጥ ጥንድ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ሰዎች የወንዱን ሥር በአንድ ጎን ቆራርጠውት ሄዱ። ያኔ ምንም አልሆነም፤ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። በሁለተኛው ክረምት አፈሩ ሲርስ አንድ ሌሊት ንፋስ ገነደሰው። ጠዋት የጥበቃው ጋሼ “ወደቀ እኮ” ሲሉን እንደ ሰው ሞት ነው የደነገጥነው። ሴቷ አሁንም ታብባለች። ግን በአቅራቢያዋ ወንድ ስለሌለ አበባዋ ዘር አይሆንም። ችግኝ ደግሞ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ስለዚህ አስር ያህል ተክለን ዕድላችንን እንሞክራለን። (ባል ፍለጋ መቼ ቀላል ሆኖ ያውቃል?)

ሌላው ችግር ስም ነው። ድሮ ዛፎቹ ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ በሚስማር ተመትቶ ነበር። ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱ ሰሌዳውን ውጦታል። አንዳንዱ ዛፍ ላይ የሚታየው የቆርቆሮዋ ጫፍ ብቻ ነው። ስማቸውን በቃል የሚያውቁት አዛውንቶች ደግሞ እያለቁብን ነው። እነሱ ሳያልፉ እያንዳንዱን ዛፍ መዝግበን፣ አዲሱን ሰሌዳ በሚስማር ሳይሆን ግንዱን በማያንቅ ሽቦ ማንጠልጠል እንፈልጋለን።

እኛም ጥፋት አለብን። ለዓመታት ዝግባው ሥር መኪና አቁመናል። አፈሩ ጠጥሮ ውሃ አያስገባም። ቅጠሉንም በየቀኑ ጠርገን ስናቃጥል ኖረናል፤ ለካ ምግቡን ነበር የምናቃጥልበት። አሁን መኪና ተከልክሏል፣ ቅጠሉም እዚያው ሥሩ ላይ ይቀራል። ይሄ ምንም ብር አልጠየቀም።

ብር የሚጠይቀው የቀረው ነው። የደረቁትን ቅርንጫፎች በገመድ ወጥቶ የሚመለምል ባለሙያ ከሁሉም ውድ ነው። ርካሽ ቆራጭ ሞልቷል፤ አንዴ አምጥተን ወይራውን አናቱን ጎምዶት ሄደ። ሁለተኛ አንሞክረውም። ከዚያ ሮቶ፣ የውሃ ጎማ፣ ፍግ፣ እና በበጋ ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ደመወዝ አለ። በየክረምቱ ችግኝ ተክለን ፎቶ መነሳት ለምደናል። ፎቶው ክፋት የለውም። ጥር ላይ ማን ያጠጣዋል ነው ጥያቄው። ያረጀ ዛፍ መጦርማ ፎቶም አይወጣለት።

የምንቸኩለው ሐምሌ ሳይገባ ጉድጓዱ መቆፈር ስላለበት ነው። የጥቁር እንጨቱ ዘርም ቀጠሮ አይሰጥም፤ ለቅሞ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። ለቃሚም፣ መደብም፣ አፈርም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ከ100 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን ስጡን። በቴሌብርም በባንክም ይሆናል፤ ቁጥሩ ግቢው በር ላይ ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይሰጣል። ገንዘብ ያዡ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ እሳቸውን የሚያውቅ ስለ ደረሰኝ አይጠራጠርም። ገቢና ወጪውም በየወሩ እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። ብር የሌለው ጉልበት ያምጣ። ላም ያለው ፍግ ያምጣ። የዛፎቹን የድሮ ፎቶ አልበሙ ውስጥ ያስቀመጠ ካለ ደግሞ በጣም እንፈልገዋለን፤ የቱ የት እንደነበር የምናውቀው በዚያ ነው።

ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡና አለ። ጓንት ይዛችሁ ኑ፣ ቀጋው አሁንም ይቧጥጣል።