ጨርቁ ያገለገለ፣ ዚፑ አዲስ የሚሆንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የምንሰፋቸውን ባለዚፕ ትንንሽ ቦርሳዎች ከምትገዙት መካከል ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ታነሱብናላችሁ። «ጨርቁን ከአሮጌ ልብስ ካወጣችሁት አይቀር፣ ዚፑንስ ለምን ከዚያው ልብስ ላይ አትፈቱትም?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱሪና ጃኬት ስንፈታ ደህና የሚመስል ዚፕ እናገኛለን፤ እሱን ትተን አዲስ መግዛታችን ከሥራችን ሐሳብ ጋር የሚጣላ ይመስላል። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለማያልቅ ይህን ደብዳቤ ጻፍንላችሁ።

ዚፕ ሲበላሽ ብዙ ሰው ጥርሱ የረገፈ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ግን ጥርሱ ሳይሆን ወደ ላይ ወደ ታች የሚንሸራተተው የዚፑ ራስ ነው። በውስጡ የባላ ቅርጽ ያለው መተላለፊያ አለ፤ ሁለቱን የጥርስ መስመሮች ለየብቻ ተቀብሎ፣ አጣብቆ በአንድ በኩል ያስወጣቸዋል። ጌዴዎን ሰንድባክ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ካገኘበት ጊዜ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ዚፑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የዚህ ራስ የውስጥ ግድግዳ በጥቂት በጥቂቱ እየተበላ ይሰፋል። ሲሰፋ ጥርሶቹን አጥብቆ መጫን ያቅተዋል፤ ያኔ የዚፑን ራስ ስትጎትቱት ከኋላው ይከፈታል። ችግሩ ይህ ድካም በዓይን አለመታየቱ ነው። ለዓመታት ያገለገለ ዚፕ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር እንደ አዲስ ሊሄድ ይችላል፤ ቦርሳ ላይ ተሰፍቶ፣ ውስጡ ሞልቶ፣ ከሁለት በኩል ሲወጠር ነው ጉዱ የሚወጣው።

ጨርቁ ግን አይዋሽም። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እናየዋለን፣ በሁለት እጃችን ይዘን እንስበዋለን፤ የሳሳው ወዲያው ይታወቃል። የጂንስ ጉልበትና መቀመጫ ብዙውን ጊዜ አያልፍም፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የባት ክፍል ግን ገና ብዙ ዕድሜ አለው። የአንሶላ መሐሉ ቀድሞ ይሳሳል፣ ከፍራሽ ሥር ሲገባ የኖረው ዳር ግን ጠንካራ ነው፤ ለገበር የምንጠቀመው እሱን ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለውን የምንመርጠውም ሆን ብለን ነው፤ በጥቁር ገበር ውስጥ ጥቁር እስክሪብቶ መፈለግ ያበሳጫል።

ያገለገለ ጨርቅ እንዲያውም አዲሱ የሌለው ጥቅም አለው። አዲስ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይሰበሰባል፤ ደጋግሞ የታጠበ ሸሚዝ ግን የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቦ ጨርሷል። ስለዚህ ቦርሳዋን ስታጥቧት ላዩና ገበሩ እኩል ሳይሄዱ ቀርተው አትጨማደድባችሁም። ቀለም ይለቃል ብለን የምንሰጋውን፣ በተለይ ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን፣ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሽተን እንፈትነዋለን። ነጩን ያቀለመው ወደ ሥራ አይገባም።

«ሁለት አንድ ዓይነት ሥሩልን» የምትሉንን የምናሳዝነውም እዚሁ ላይ ነው። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ የተቆረጠ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በሰያፍ የተቆረጠ ግን ይለጠጣል። ዚፕ ደግሞ አይለጠጥም። የተለጠጠ ጠርዝ ከማይለጠጥ ዚፕ ጋር ሲሰፋ የቦርሳዋ አፍ ይጥመዘመዛል፤ በካውያ ቢደፈጠጥ እንኳ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ከዚፑ ጋር የሚገናኘው ጠርዝ ምንጊዜም ቀጥ ባለው አቅጣጫ የተቆረጠ መሆን አለበት። ቁርጥራጩ ይህን ካልፈቀደ፣ ቁራጮቹን አቅጣጫው በተስተካከለ ቀጭን ጥጥ ላይ ደርድረን እንሰፋቸዋለን። የቦርሳዋን መጠን የሚወስነው እንግዲህ የተገኘው ቁራጭ ነው፤ እኛ የምንጨምርበት ነገር የለም። ለዚህ ነው ፎቶ ላይ ያያችሁትና የደረሳችሁ በአበባው አቀማመጥ የሚለያዩት።

ወደ ዚፑ እንመለስ። ከሱሪ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የብረት ነው። ለማሳጠር ጥርሱን አንድ በአንድ በፒንሳ መንቀል ይጠይቃል፤ መርፌው ካረፈበት ደግሞ መርፌው ይሰበራል። ጥርሱ እንደ ጥምዝ ሽቦ የተሠራው የናይለን ዚፕ በመቀስ ይቆረጣል፣ በላዩም በመኪና መስፋት ይቻላል። ለቀጫጭን ጨርቅ ቁጥር 3፣ ለጂንስ ቁጥር 5 እንጠቀማለን፤ ቁጥሩ ጥርሱ ሲገጥም ያለውን ስፋት በሚሊሜትር በግምት ያመለክታል። ክሩንም አዲስ ፖሊስተር ነው የምንጠቀመው፣ ምክንያቱ ተመሳሳይ ስለሆነ አንደግመውም። ከአሮጌው ዚፕ የምናተርፈው ጥርሱ የተያያዘበትን ጥብጣብ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ከጎን በኩል ያለችውን ማንጠልጠያ ከእሱ እናወጣለን።

ዚፑ እስከ ጥጉ ድረስ ሳይደርስ በትንሽ ጨርቅ የሚያልቀውም ጉድለት አይደለም። ዚፑ የጎን ስፌት ውስጥ ከገባ ጥጉ ወፍራም ይሆንና ሲገለበጥ በደንብ ሳይወጣ ይቀራል። ጫፉን በጨርቅ ስንሸፍነው ግን ጥጉ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማድረግ ጊዜ ይፈጃል፣ ብንተወው ማንም ላያስተውል ይችላል፤ እኛ ግን አንተወውም።

አያያዟን በተመለከተ፣ ዚፑን ዘግታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እጠቧት። ካውያ ስትጠቀሙ ጥርሱ ላይ አታሳልፉ፤ ለጥጥ የሚሆነው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጠጋ የናይለን ጥርስ ሊለሰልስና ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። ዚፑ ከከበዳችሁ ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ጥርሱ ላይ አሹበትና ጥቂት ጊዜ ክፈቱ ዝጉት። ዘይት አትቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ጨርቁንም ያበላሻል። ከኋላው መከፈት ከጀመረ የዚፑን ራስ ወደ መነሻው መልሱና የኋላ ጫፉን በሁለቱም በኩል በፒንሳ በጣም በዝግታ ጨመቅ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ከመጠን በላይ ከጨመቃችሁት ግን ይሰነጠቃል።

ያም ካልሆነ መልሳችሁ ላኩልን። ስፌቱን ፈትተን ዚፑን እንቀይራለን። አዲስና መደበኛ ቁጥር ያለው ዚፕ የመምረጣችን ሌላው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ተመሳሳዩን ሁልጊዜ ማግኘት እንችላለን። ስትልኳት ውስጧን ባዶ አድርጉ፣ የጎን ኪሷንም አትርሱ፤ ቁልፍና ሳንቲም እዚያ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፌት ክፍሉ ባልደረቦች