ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር፦ ለብረታችን የሚሆን ዘይት ሐረርጌ ላይ ይበቅላል

ክቡር ሚኒስትር፣

አዳማ ውስጥ በርና መስኮት፣ የውኃ ታንከር ማማም የምሠራ በያጅ ነኝ። ባለፈው ክረምት መተሐራ፣ ጨዋማው በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በእጄ ያቆምኩትን ማማ ልጠግን ሄጄ ነበር። ሲሠራ ሁለት እጅ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ በላዩም ሁለት እጅ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ብየዳው ላይ ቀለሙ አብጦ አገኘሁት፤ በጥፍሬ ብነካው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላቀቀ። ሥሩ ያለው ብረት ተበልቷል። የማማው ባለቤት ምንም አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ጨው ባለበት አገር ቀለም ቢደራረብም ብረቱን አጥብቆ ካልያዘ እርጥበት ሥሩ ይገባል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ተመራማሪዎች የዕፅዋት ዘይትን ከሲሊኮን ውህዶች ጋር አዋሕደው የብረት ሽፋን ይሠራሉ። የሲሊኮኑ ወገን ከብረቱ ገጽ ጋር ይተሳሰራል፣ ሽፋኑንም ያጠነክራል፤ ዘይቱ ደግሞ ብረት በፀሐይ ሲለጠጥ፣ በሌሊት ሲኮማተር ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ ያለሰልሰዋል።

የአኩሪ አተር ዘይት ለዚህ ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በኬሚካል ወደ ኢፖክሲ፣ ማለትም ከሌሎች ውህዶች ጋር በቀላሉ ወደሚተሳሰር መልክ፣ ይለወጣል። ቬርኖኒያ ጋላሜንሲስ የተባለው ተክል ግን ኢፖክሲውን በዘሩ ይዞ ይበቅላል። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ፐርዲው እ.ኤ.አ. በ1964 ዘሩን የሰበሰበው ከሐረር አቅራቢያ ነው። ከዘሩ 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው፤ ከዘይቱም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ኢፖክሲውን የተሸከመው ቬርኖሊክ አሲድ ነው። ዝናብ ባጠረበት መሬትም ይበቅላል። ተልባና ኑግም አየር ሲያገኛቸው ይደርቃሉ፣ ለቀለም ይሆናሉ፤ ነገር ግን የማዕድ ናቸው። ዘይት በተወደደበት ዘመን ከድስት ቀንሶ በር መቀባት ነውር ነው። ቬርኖኒያ ከማንም ድስት አይቀንስም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሚኒስቴሩ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከቀለም ፋብሪካዎች ጋር ሆኖ ይህን ሽፋን፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሳይገባበት፣ በጥቂቱ ያሠራ። ከዚያም ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ ገበያ ላይ ባለው አንቲረስት የተቀቡ የብረት ሰሌዳዎች በአፍዴራ የጨው ማምረቻ፣ በበሰቃ ዳርና በአዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ሁለት ክረምት ይቆዩ። ውጤቱ ቢከፋም ቢያምርም እንደ እኔ ላለው በያጅ በሚገባ አማርኛ ይታተም። ዝገት ቀድሞ የሚጀምረው ብየዳ ላይ ነውና እያንዳንዱ ሰሌዳ የብየዳ መስመር ይኑረው። ሰሌዳዎቹን ያለ ክፍያ በይጄ አቀርባለሁ፤ ቁጥራቸውንና ልካቸውን ብቻ ይላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳማ በያጅ