ተማሪዎችን ወደ ቅርስ ማከማቻው አስገቡልን
(ሙዚየሞችን ለሚመራው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሙዚየም ሥራ የምማረው ወድጄ ነው። ቅር ያለኝ ሙያውን የምንማረው እንደ ጎብኚ ቆመን መሆኑ ነው። ለተግባር ልምምድ ስንላክ ትኬት እንቆርጣለን፣ እንግዳ እናስጎበኛለን፤ ወደ ማከማቻው ግን አንገባም። በብዙ ሙዚየሞች ደግሞ ለዕይታ ከቀረበው ይልቅ ማከማቻ ውስጥ ያለው ይበዛል።

እስቲ አንድ የሸክላ ማሰሮ ላይ የመዝገብ ቁጥር መጻፍን እንውሰድ። ማሰሮው በጆሮው ተይዞ አይነሳም፤ በሁለት እጅ፣ ከሥሩ ተደግፎ ነው። ቁጥሩም በቀጥታ ገላው ላይ አይጻፍም። መጀመሪያ፣ ኋላ በሚያሟሟ ፈሳሽ ሊነሳ የሚችል ስስ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ በላዩ ይጻፋል፤ ከዚያ ሌላ ስስ ሽፋን ይደረብበታል። ቦታው ለጎብኚ የማይታይ፣ ሠራተኛው ግን ዕቃውን ብዙ ሳያገላብጥ የሚያገኘው መሆን አለበት። 2015.3.12 ከተባለ፣ በ2015 በ3ኛው ርክክብ የገባ 12ኛ ዕቃ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለፈተና በቃላችን ይዘነዋል፤ በእጃችን ግን አንድም ቀን አልሠራነውም። ጨርቅና ወረቀት ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ አሃድ ነው) በላይ ብርሃን ሊያርፍባቸው እንደማይገባ እናውቃለን፤ የብርሃን መለኪያ መሣሪያውን የጨበጠ ግን ከመካከላችን የለም።

የመዝገብ ጉዳይ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከብሪቲሽ ሙዚየም 2,000 ገደማ ዕቃዎች መሰረቃቸው፣ መጥፋታቸው ወይም መጎዳታቸው ሲታወቅ፣ ብዙዎቹ በአግባቡ ያልተመዘገቡ ነበሩ። ያልተመዘገበን ዕቃ የእኔ ነው ብሎ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠልም፣ የሪዮ ዴ ጄኔሮ የሙዚየም ጥናት ተማሪዎች የቅርሶቹን ምስል ለማትረፍ ጎብኚዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ማሰባሰብ ጀመሩ። እነዚያ ተማሪዎች ከእሳቱ በፊት ማከማቻው ውስጥ ቢሠሩ ኖሮ ምን ያህል መዝገብ ይተርፍ እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል።

ስጋታችሁ ይገባኛል። ልምድ የሌለው እጅ ይሰብራል፤ በር በተከፈተ ቁጥርም የሚጠፋ ይኖራል። ስለዚህ ተማሪ ብቻውን አይግባ፤ ከመዝጋቢ ባለሙያ ጋር ይግባ፤ የነካውን ዕቃ በስሙ ይፈርም፤ ሲያነሳና ሲመልስ የዕቃው ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶ ይያዝ። ሠራተኛውም እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነው።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ከልምምዱ ቢያንስ ግማሹ ጊዜ ሳይመዘገቡ በተከማቹ ዕቃዎች ላይ ይዋል። ተማሪው በሚሠራው ልክ የኪስ ገንዘብ ይከፈለው፤ ያለክፍያ መቆየት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ብቻ ነውና። ያ ልምምድም በክፍት የሥራ ማስታወቂያዎቻችሁ ላይ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠር። ለመጀመሪያ ዙር አንድ ሙዚየምና አንድ የማከማቻ ክፍል ብትፈቅዱልን ይበቃናል፤ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን በፊት መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሙዚየም ጥናት ተማሪ