ሻንጣሽን ፍቺው

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ሙቀቱ ትንሽ በረድ ብሏል። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግተን መቀመጥ ጀምረናል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። አሜሪካ ዲርቦርን ድረስ ስልክ ላይ ስናወራ ግን የአጎቴ ሚስት ኻላ አጠገብሽ ናት። አጎቴ አሚ ከወዲያ ማዶ «ሰላም በያት» ይላል። ልጆቹ ስልኩን ይነጥቁሻል። ቁም ነገሩ ሳይነሳ «በቃ ቻው» እንባባላለን። ኻላ እኛ ቤት ተቀምጣ አማርኛ ብትለምድም ፊደሉን አታነብም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ ብቻሽን አንብቢው።

ባለፈው ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «የሰው ቤት በዛብኝ፣ እንግዳ ሦስት ቀን ነው» ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ያንኑ ሰሞን ኻላም ለብቻዋ ደወለችልኝ። ሻንጣሽን እስካሁን አልፈታሽም አሉ። ልብስ ስትፈልጊ ዚፑን ከፍተሽ ታወጪና መልሰሽ ትዘጊዋለሽ። ፍሪጅ ለመክፈት ታስፈቅጃለሽ። ምሳ ሲዘገይ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ምስኪን፣ ያስቀየመችሽ መስሏት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ሦስት ቀን ያልሽው ሐዲስ እውነት ነው። መስተንግዶ ሦስት ቀን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰደቃ ነው። ሰደቃ መብላት ደግሞ አንቺን እንደሚያምሽ አውቃለሁ። እኔ ሼህ አይደለሁም። ግን እሱ የተባለው ለመንገደኛ እንግዳ ይመስለኛል። አንቺ እዚያ ቤት የአሚ ወንድም ሚስት ነሽ። ደግሞ ቆጠራ ከተጀመረ እኔም የምቆጥረው አለኝ።

መጋቢት 2007 ታስታውሺያለሽ። ጦርነቱ ኤደን ሲገባ ኻላ ልጆቿን ይዛ በጀልባ ባሕሩን ተሻግራ ኦቦክ ወረደች። ከኦቦክ ጅቡቲ ከተማ፣ ከጅቡቲ በደወሌ በኩል ድሬ። ትንሹ ልጅ የእናቱን ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር ቤታችን የገባው፤ ሲራመድ ጧ ጧ ይላል። አሚ ያኔ አሜሪካ ሆኖ ወረቀታቸውን ጀምሮላቸው ነበር። ግን አሜሪካ ሰንዓ ያለውን ኤምባሲዋን የካቲት ላይ ዘግታ ስለነበር የየመኖች ቪዛ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ ደግሞ ኑሮው እሳት ነው። ድሬ ቤት አለ፣ ዘመድ አለ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ሄዶ መመለስ ነው። «ጥቂት ወር ነው» ተባለ።

ጥቂት ወር! ጥር 2009 የትራምፕ የጉዞ እገዳ ሲወጣ የመን ከዝርዝሩ ውስጥ ገባች። ነገሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ ሰኔ 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። የተነሳው ጥር 2013 ነው፤ ባይደን ሥልጣን በያዙበት ቀን። በመሀሉ አዲሱ ባቡር ሰው መጫን ጀመረ። ኻላም በአውቶቡስ የጀመረችውን የቀጠሮ መንገድ በባቡር ቀጠለችው። ልጆቿ እኛ ቤት አደጉ። ትልቋ ቀፊራ ገበያ ገብታ በኦሮምኛ መከራከር ለመደች። ያን ሁሉ ዓመት «መቼ ነው የምትሄዱት?» ስትያቸው አንድ ቀን አልሰማሁም። አባባም አላህ ይርሐመው፣ ከሱቅ ሲመጣ ሁሌ ሁለት ኪሎ ሙዝ መያዙን ትቶ አራት ኪሎ መያዝ ጀመረ እንጂ ስለ ጉዳዩ ያለው ነገር የለም።

ግን ላስታውስሽ የምፈልገው የእናንተን ቸርነት አይደለም። አሚ እሱን በየቀኑ ያወራዋል። እኔ የማስታውሰው ኻላ በመጣች በአራተኛው ቀን ጠዋት የሆነውን ነው። ከአንቺ ቀድማ ተነስታ ማዕድ ቤት ገባችና «ዱቄቱ የት ነው?» አለችሽ። ፊትሽ ጠቆረ። በማዕድ ቤትሽ ሰው ሲገባብሽ እንዴት እንደሚያንገበግብሽ እኮ አውቃለሁ! እሷ ግን ሊጡን አቡክታ፣ በዘይት እያጠፈች እየደራረበች ያንን ሙላወሕ ጋገረችው። በላሽ። ዝም አልሽ። በማግስቱ ዱቄቱን ራስሽ አውጥተሽ አስቀመጥሽላት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ዳቦው የእሷ፣ ወጡ የአንቺ ሆነ። ዓርብ ዓርብ የየመኖቹን ምግብ ሰልታ ትሠራለች፤ አብሹን እስኪያረፋ ስትመታ አንቺ ቆመሽ «በዛ፣ በዛ» ትያለሽ። በጨው ትጨቃጨቁ ነበር። በከሰል ትኮራረፉ ነበር። አንዴማ በአንድ ብረት ድስት ምክንያት ሁለት ቀን አልተነጋገራችሁም። እንግዳ በብረት ድስት አይኮራረፍም እማዬ።

አሁን አንቺን የጎዳሽ መቆየቱ አይመስለኝም። ሥራ መፍታቱ ነው። እነሱ ለክብርሽ ብለው ውኃ እንኳ እንዳትቀጂ አድርገውሻል። አሚ «ከእንግዲህ ማረፍ ነው» ይላል። ማረፍ ያማል፣ ማን ይንገረው? ስለዚህ የምመክርሽ ኻላ ያደረገችውን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቀድመሽ ተነሺና ምሳውን ያዢው። አታስፈቅጂ። ዶሮ ሥሪ። እንጀራ ባይኖርም በኻላ ዳቦ ይበላል። የአሚ ቤት ሰዎች የድሬ ዶሮ ወጥ ናፍቋቸው ሲሞቱ አይቻለሁ። ቡና ስትቆዪ ግን መስኮት ክፈቺ። ያ ጣራው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ያን ቀን እንዳስደነገጠን እንዳይደገም።

ሐሸሩንም አትተዪ። እነሱ በዝንጅብል ቂሽር ያፈላሉ፣ አንቺ በወተትና በጨው። ሁለቱም የቡና ገለባ ነው። አንድ ቀን የእነሱን፣ አንድ ቀን የአንቺን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ክረምቱን ሁላችንም እዚያ በነበርንበት ጊዜ እኔ ባንቺ ቀንቻለሁ። በእንግሊዝኛዬ ተማምኜ ሄጄ፣ አንቺ ከአማትሽ በተማርሽው ዐረብኛ በለጥሽኝ። መድኃኒት ቤቱ ዐረብኛ፣ ሥጋ ቤቱ ዐረብኛ፣ ክሊኒክ ያለችው ነርስ ዐረብኛ። ዋረን መንገድ ላይ ያለችው ሊባኖሳዊት ዳቦ ሻጭ በየመንኛሽ ስቃብሽ፣ ወዲያው ደግሞ ተጨማሪ ዳቦ በነፃ ከረጢትሽ ውስጥ ከተተች። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር። ዲርቦርን ከ110,000 ገደማ ነዋሪዋ ከግማሽ በላዩ ዘሩን ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የሚቆጥር ከተማ ናት። ከንቲባው ሳይቀር የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ ነው።

ዲክስ መንገድ ላይ ከፎርድ ሩዥ ፋብሪካ ጎን ያለውን ሰፈር አሚ ሲያሳየን ያልሽውን አልረሳውም። ጭስ ማውጫዎቹን አይተሽ «ይሄማ የእኛው ምድር ባቡር ነው» አልሽ። አሚ ሳቀ እንጂ አልተሳሳትሽም። ፎርድ በፈረንጆች 1914 በቀን አምስት ዶላር እከፍላለሁ ሲል ሊባኖሱም፣ የመኑም፣ ሌላውም ወደ ዲትሮይት ጎረፈ። ፋብሪካው ወደ ሩዥ ሲዞር ሰፈሩም ተከትሎት ዞረ። እዚያ ያለው መስጊድ ማኅበር በፈረንጆች 1938 የተመሠረተ ነው። ድሬንስ በእኛ 1895 የሐዲዱ መድረስ አይደል የፈጠራት? አያቴ ከወሎ የወጣው ለባቡር ሥራ፣ የአባባ ቤተሰብ ከየመን የመጣው ባቡሩ ላመጣው ገበያ። ባይተዋርነት እንዳይሰማሽ ነው ይህን ሁሉ የምለፈልፈው።

ደግሞ ኻላ እንግሊዝኛ የተማረችበት አክሰስ የሚባለው ድርጅት አለ። በፈረንጆች 1971 የተቋቋመ ነው፣ ስደተኛውን ከክሊኒክ እስከ ቋንቋ ትምህርት ያግዛል። ለመማር ባትፈልጊ እንኳ ከኻላ ጋር ሂጂ። የሚያወሩ ሴቶች ታገኛለሽ፤ ወሬ ደግሞ አንቺ አትጠዪም።

አሁን ወደ ቪዛው። የተሰጠሽ ስድስት ወር ነው። ማራዘም ከተፈለገ ቀኑ ሳያልፍ ማመልከት ያስፈልጋል። አሚ «ፎርሙን ልሙላ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «እሷን ጠይቃት» አልኩት። ወንድሜም ከአዲስ አበባ ደውሎ «ትቆይ፣ እዚያ ሕክምና አለ» ይለኛል። ሕክምና አለ፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ግን ዋጋው ያሳብዳል። እነሱም እኔም ስለ አንቺ አናውራ፣ አንቺ ወስኚ።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፦ አታራዝሚ። በረዶው ከኅዳር ጀምሮ ይወርዳል፤ የጉልበትሽ ነገር ያሳስበኛል። ድሬ ያደገ ሰው መንገዱ ሲንሸራተት መራመድ አያውቅም። ቀንሽን ጨርሰሽ ነይ። ሳትጨርሺ ግን እንዳትመጪ። አፍረሽ ከመጣሽ ኻላ ዕድሜ ልኳን «ምን በድያት ነው?» እያለች ትኖራለች፤ እኔም ሁለታችሁን በስልክ ሳስታርቅ መክረሜ ነው።

የቤቱን ነገር አታስቢ። የጓሮው ቧንቧ ተሠርቷል። ጎረቤቶች ሁሉ ይጠይቁሻል፤ ለእነሱ አሜሪካ ማለት አንድ ግቢ ስለሆነ ልጆቻቸውን አይተሽላቸው እንደሆነም ይጠይቃሉ። ትንሿ ለሁሉ ነገር «ያላ፣ ያላ» ማለት አመጣች። ትልቁ ለአስተማሪው «ዲርቦርን እኮ ትምህርት ቤት ለዒድ ይዘጋል» ብሏት፣ «እዚህስ መቼ ተከፍቶ ያውቃል?» ብላ አፉን አስያዘችው።

የስኳር መድኃኒትሽን ወደ ዲትሮይት ከሚሄድ ሰው ጋር በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። ሰውየው ከሁለት ኪሎ በላይ አልይዝም ብሏል። ስለዚህ ምረጪ፤ በርበሬው ይብለጥ ወይስ ሐሸሩ? ሽሮ ከጨመርኩ ከሁለቱም መቀነስ አለብኝ። እስከ ዓርብ መልሱን ንገሪኝ፣ በርበሬውን ገና አላስፈጨሁትም።

ልጅሽ