ለልጄ፦ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ፍሪምባና ጥቅል ጎመን

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮው የቅዱስ ፓትሪክ፣ የአየርላንዶች በዓል፣ ማዕድ በአንቺ ቤት መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ በጨው የከረመው ፍሪምባ እንዴት እንደሚበስል፣ እና ጾመኛ ሳትቀምስ ጨዉን በምን እንደምታውቅ። በዓሉ የሚውልበት ማርች 17 መጋቢት 8 ነውና ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም ውጭ አይውልም። መፍትሔው ሚዛን ነው፤ ግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን ከሌለሽ ዛሬውኑ ግዢ።

የምታበስዪው ምን እንደሆነ ግን አስቀድመሽ እወቂ፣ የባልሽ ዘመዶች ማውራታቸው አይቀርምና። በአየርላንድ ገጠር ከጥቅል ጎመንና ከድንች ጋር የሚቀቀለው በጨው የከረመ የአሳማ ሥጋ ነበር። ላም የወተትና የቅቤ ምንጭ ስለነበረች የምትታረደው ስታረጅ ወይም ወተቷ ሲነጥፍ ነው፤ አሳማ ግን በጓሮ በድንች ልጣጭና በቤት ትራፊ ይደልባል።

ጨው የገባው የበሬ ሥጋ በአየርላንድ ይሠራ ነበር፣ ያውም በብዛት፤ ግን ለሌላ ሰው ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1663 እና በ1667 ባወጣቸው ሕጎች የአየርላንድን የቁም ከብት ከእንግሊዝ ገበያ ሲያግድ፣ ነጋዴው እዚያው እያረደ ሥጋውን በጨው አድርጎ በበርሜል መላክ ያዘ። ኮርክ የዚህ ንግድ ዋና ከተማ ሆነች። በርሜሉ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይልና ለካሪቢያን ደሴቶች ይጫናል፤ ድሃው ገበሬ ድንች በልቶ ያድራል። ያ ድንች እ.ኤ.አ. በ1845 በሽታ ሲመታው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፣ ሌላ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ተሰደደ።

ኒውዮርክ የገቡት ስደተኞች የለመዱት የአሳማ ሥጋ ተወደደባቸው፣ የበሬው ግን ረከሰላቸው። ከጎረቤቶቻቸው ከአይሁድ ሥጋ ቤቶች መግዛት ጀመሩ። የአይሁድ ሥጋ ቤት አሳማ አይሸጥም፤ ከበሬውም በአብዛኛው የሚሸጠው የፊተኛውን ግማሽ ነው፣ በኋለኛው አይሁድ የማይበሉት የጭን ጅማት፣ ሹልዳ፣ አለና፣ እሱን ነቅሎ ማውጣት ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ነገሩን ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ታውቂዋለሽ። ከፊተኛው ደግሞ ፍሪምባ ጠንካራ ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር፤ በጨው ከርሞ ብዙ ሰዓት ሲበስል ግን ከሌላው ብልት ይበልጣል። ጥቅል ጎመንም በክረምት መጨረሻ የማይጠፋ ርካሽ አትክልት ነበር።

እንግዲህ ማዕዱ የተወለደው አሜሪካ ነው። አየርላንድ ያሉ ዘመዶች «እኛ ይህን አንበላም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ «የውሸት ባህል ነው» የሚል ቢመጣ ግን አልስማማም። ስደተኛ ባገኘው ሥጋ የሠራው ማዕድ የራሱ ነው። አሳማው በበሬ የተተካውም በዚያ መንገድ ነውና ፋሲካ ሲመጣ እኛም ቤት ሊበላ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ለስድስት ሰው ጥሬውን 2 ኪሎ ያዢ፤ ሲበስል ሲሶ ያህሉን ያጣል። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ፍሪምባ ታገኛለሽ። ፍላት የሚሉት ስስና ወጥ ነው፣ በውብ ይቆረጣል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ፖይንት የሚሉት ጮማ የበዛበት ነው፤ ሲቆረጥ ይፈርሳል፣ ጣዕሙ ግን የላቀ ነው። ለእንግዳ ፍላቱን፣ ጮማውን ሳታስወግጂ። ጮማው የሚነሣው ከበሰለ በኋላ ነው።

በጨው የከረመውን በፕላስቲክ ታሽጎ መግዛት ትችያለሽ። ራስሽ ብትሠሪው ግን ጨዉ በእጅሽ ይሆናል፣ ለማትቀምስ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የካቲት 28 ጀምሪ። ለ2 ኪሎ ሥጋ 2 ሊትር ውኃ፣ 110 ግራም ተራ ጨው፣ 10 ግራም ሮዝ የሥጋ ማቆያ ጨው፣ 40 ግራም ስኳር። ሒሳቡ ሥጋና ውኃ ተደምሮ 4 ኪሎ፣ ጠቅላላው ጨው ከዚያ 3 በመቶ ነው። በዚህ ልክ ሥጋው ከውኃው ጋር እኩል ሲሆን ይቆማልና አንድ ቀን ቢጨምርም አይመርርም። ድንብላል፣ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ቁንዶ በርበሬ ከያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሦስት ቅርንፉድና ሁለት ቤይ ሊፍ ጨምረሽ አፍዪው፤ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ሥጋውን አስገቢ። ሙቅ ውኃ ላይ ብትጨምሪው ላዩ ይበስልና ሳይቀዘቅዝ ይበላሻል። ሥጋው እንዳይንሳፈፍ ሳሕን ጫኚበት፤ ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ማቀዝቀዣ 10 ቀን ይክረም፣ በየቀኑ ገልብጪው።

ስለ ሮዙ ጨው አደራ። 6.25 በመቶው ሶዲየም ናይትራይት ነው፤ በሚዛን እንጂ በማንኪያ ግምት አይጨመርም፣ ከገበታ ጨው አጠገብም አይቀመጥም፣ በብዛት ቢበላ መርዝ ነውና። ሮዝ ቀለም የተነከረው ሰው እንዳይሳሳት ነው። ሂማላያ የሚባለው ሮዝ ጨው ሌላ ነገር ነው፣ ይህን ሥራ አይሠራም። ናይትራይቱ የሥጋውን ቀይነት ከፈላ በኋላም ያቆየዋል፣ ጎጂ ተሕዋስያንንም ይከላከላል። ቆርጠሽ መሃሉ ግራጫ ከሆነ ጨዉ አልደረሰበትም ማለት ነው። አማትሽ ግን የቦስተን ሰው ናቸውና ሁለንተናው ግራጫ የሆነውን የኒው ኢንግላንዱን ዓይነት ለምደው ሊሆን ይችላል። እሱ ናይትራይት የለውም፤ ከቀዩ ይልቅ ጨው የበዛበት ነው፤ ቀድመሽ ጠይቂያቸው።

በቀኑ ሥጋውን እጠቢና ጮማውን ወደ ላይ አድርገሽ በቀዝቃዛ ውኃ ጣጂው። የተገዛ ከሆነ አንድ ጊዜ አፍልተሽ ውኃውን ድፊ፣ በአዲስ ውኃ እንደገና ጀምሪ፤ የፋብሪካው ጨው ይበዛልና። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጊ። ብዙዎች የሚበላሽባቸው እዚህ ላይ ነው። ውኃው ከተንተከተከ ጭረቱ፣ ማለትም የሥጋው ክር፣ ተኮማትሮ ጭማቂውን ይተፋል፣ ሥጋው በውኃ ውስጥ እያለ ይደርቃል። አልፎ አልፎ አረፋ ብቅ ሲል በቂ ነው፤ በቴርሞሜትር ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ። ለ2 ኪሎ ከ3 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ላይ ወግተሽው እንደ ጎማ ቢሆን አትደንግጪ፤ ጅማቱ ገና ስላልቀለጠ ነው። ሹካ ያለ ትግል ገብቶ ሲወጣ በስሏል። አውጥተሽ ትንሽ መረቅ አፍስሺበት፣ ሸፍነሽ 20 ደቂቃ አሳርፊው።

አትክልቱን ከሥጋው ጋር ከመጀመሪያ አትክተቺ። ሥጋው ሲያርፍ ከመረቁ ግማሹን ቅጂና በንጹሕ ውኃ ተኪው፤ ድንች በመረቁ ብቻ ከተቀቀለ ጨው ይጠጣል። 1 ኪሎ ቀይ ድንችና ስድስት ካሮት መጀመሪያ ይግቡ፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ ጥቅል ጎመኑ ይከተል፣ ሌላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ጎመኑን ስድስት ቦታ ስትሰነጥቂው ግንዱን አትቁረጪ፣ ቅጠሉን አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው። ጎመን ብዙ በበሰለ ቁጥር ቤቱን የሚሞላው የድኝ ሽታ ይበረታል፤ ግንዱ ቢላ ሲያስገባ ወዲያው አውጪ።

ለአንቺና ለሚጾሙት ሌላ ድስት ይጣድ፦ ያው ድንች፣ ካሮትና ጎመን በውኃ፣ በሊትር 10 ግራም ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቤይ ሊፍ፣ ሲወጣ ዘይት ጠብ ይበልበት። ሰናፍጩ ለሁለቱም ማዕድ ነው፣ ቅቤም ወተትም እንደሌለበት ማሸጊያውን አንብቢ። የባልሽ ዘመዶች ጾም ከእኛ ይለያል፤ ካቶሊኮች በዐቢይ ጾማቸው ከሥጋ የሚከለከሉት በመጀመሪያው የአመድ ረቡዕና በዓርቦቹ ነው። ቀኑ ዓርብ ሲውል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2023 እንደሆነው፣ ብዙ ጳጳሳት ለሀገረ ስብከታቸው ፈቃድ ይሰጣሉ። ቀጣዩ 2028 ነው።

የሶዳ ዳቦውን አማትሽ ያመጣሉ ብለሻል፤ በአሬራ የሚቦካ ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ለራስሽ 450 ግራም ዱቄት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ የገባበት 400 ሚሊ ሊትር የአጃ ወተት። ኮምጣጤው ካነሰ ሶዳው ሳይሠራ ይቀርና ዳቦው ሳሙና ሳሙና ይላል። አታሽው፤ ለውሰሽ ላዩን በመስቀል ሰንጥቀሽ ወዲያው ምድጃ አስገቢ፣ 200 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ።

ሥጋውን ስትቆርጪ ጭረቱ ወዴት እንደሚሄድ እይ፣ አግድም በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት። በጭረቱ ርዝመት ከተቆረጠ ያ ሁሉ ሰዓት ቢበስልም ክር ክር ይላል። የተረፈው ከጥቂት መረቅ ጋር በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ በማግሥቱ ለባልሽ ከተረፈው ድንችና ከሽንኩርት ጋር ከትፈሽ በሰፊ መጥበሻ ጥበሺለት፣ ሥሩ ቡናማ ቅርፊት እስኪያወጣ ሳታማስዪ።

እናትሽ